ለባለቤቴ የገዛሁለት ቀበቶ

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ወረታ በገባሁ በዓመቴ ነው። ለሰው ስጦታ ላዘጋጅ ባልኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እኔ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፤ ግመልና ባቡር እያየሁ። ባለቤቴ ግን የፎገራ ልጅ፣ የግብርና ባለሙያ ነበር። በአስተርዮ ማርያም ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስመለስ፣ ወደ ቢሮ ሊወጣ ሲል አንድ የሐር ሻሽ እጄ ላይ አኖረልኝ።

"ዓመታችን አይደል!" አለኝ።

ለካ የእመቤቴን በዓል ሳስብ የሠርጌን ቀን ረስቼው ኖሯል! ደንግጬ "ያንተን ደግሞ ማታ ታያለህ" አልኩት።

ምኑን ነው የሚያየው? በዚህ አገር ከእሱ በቀር ዘመድ የለኝ፤ እሱን ካስቀየምኩ ማንን ልይዝ ነው? መቀነቴ ላይ የቋጠርኳት ገንዘብ ደግሞ ለጧፍና ለጨው የተረፈች ናት። የቀበሌው ሱቅ ብሄድ ሳሙናና ክብሪት ብቻ። ለዓመታችን ሳሙና ብሰጠው ምን ይለኛል?

በመጨረሻ አንድ ሐጂ ሱቅ በር ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ቀይ ቆዳ፣ ወፍራም ዘለበት፣ ዙሪያውን ትንንሽ የነሐስ ቀለበት ያለው ቀበቶ።

"ለማን ነው ልጄ?" አሉኝ ሐጂ።

ለባሌ ማለት አፈርኩ። "ለቤት ነው" አልኩ።

"ገራም ነው?"

ጥያቄው ቢገርመኝም "እጅግ ገራም ነው፣ ተመስገን" አልኩ።

"እንግዲያስ ያምርበታል።"

ማታ ባለቤቴ ከተጠቀለለበት ፈትቶ አገላብጦ አየው። ኋላ "እንዲህ ያለ ቀበቶ ታጥቄ አላውቅም" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ።

እሑድ እሱኑ ታጥቆ ቅዳሴ ሄድን። ስንወጣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወገቡን ትክ ብለው አዩና፣

"ጌታው፣ ይሄ የበቅሎ አንገት ጌጥ አይደለም እንዴ? ቃጭሉንስ የት ጣሉት?" አሉት።

በዙሪያችን ያለው ሰው በሳቅ ፈነዳ። እኔ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ባለቤቴ ግን ዘለበቱን ጠበቅ አድርጎ፣ "ቃጭሉን ለከርሞ ልትገዛልኝ ነው፣ አባቴ" አላቸው።

ቤት እንደገባን "ታውቅ ነበር?" ብዬ አፈጠጥኩበት።

"ፎገራ ተወልጄ የበቅሎ ዕቃ ይጠፋኛል?" አለኝ።

ያን ቀን በእፍረት አልቅሻለሁ። አሁን ግን ጸሎት ላይ ቆሜ ትዝ ይለኝና ሳቄ ያመልጠኛል። እመቤቴም ብትሆን ሳትስቅ አትቀርም።