ድልድዩን ማን ይዝጋ?

የወረዳው አስተዳዳሪ «ይጠና» የምትል ቃል ይወዱ ነበር። ጣራ አፈሰሰ ቢባሉ «ይጠና»፣ ውሻ በዛ ቢባሉ «ይጠና»። ጸሐፊያቸው ይህችን ቃል በየፋይሉ ጠርዝ ስድስት ዓመት ስታይ ኖራ ትዕግሥቷ ቢሟጠጥ፣ «ጌታዬ ሆይ፣ ወይ ለሳቸው ልብ ስጣቸው፣ ወይ ለእኔ ጡረታ» እያለች መጸለይ ጀምራለች።

ሴትዮዋ በወጣትነቷ የጦር ሠራዊት ራዲዮ ኦፕሬተር ነበረች። ትእዛዝ ሲዘገይ የሚመጣውን ጣጣ ማንም እንዲነግራት አያስፈልግም።

አንድ ጠዋት መሐንዲሱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ገባ። «የድልድዩ ምሰሶ ተሰንጥቋል። የገበያ መኪኖች ከሰዓት ሳይመለሱ ይዘጋ» ብሎ ወጣ።

አስተዳዳሪው መነጽራቸውን ጠረጉ። «ኮሚቴ ይጠራ።»

«ጋሼ፣ የኮሚቴው ግማሽ እኮ ገበያ ነው ያለው።»

«ለበላይ ይደወል።»

«ሦስቴ ደወልኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«እንግዲያው ትንሽ እንጠብቃ!»

ደሟ ፈላ። ማንም ሳያዛት የእገዳውን ደብዳቤ ተየበችና ከነእስክሪብቶው ፊታቸው ዘረጋችው።

«ባይወድቅስ? መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

«ቢወድቅስ?»

እስክሪብቶውን ገፋ አደረጉት።

«ተከበን ሳለ ሻለቃችን የበላይ ትእዛዝ አልጠበቀም» አለች። «‹ውጡ፤ ተጠያቂው እኔ ነኝ› አለ። ቃሉን በራዲዮ ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ። አርባ ሰው ወጣን።»

«እሱስ?»

«ማዕረጉን ገፈፉት።»

«አየሽ!»

«አየሁ እንጂ! በሕይወት ኖሬ ይኸው የእርስዎን ደብዳቤ እተይባለሁ።»

እስክሪብቶውን መልሰው አንስተው ፈረሙ። መኪኖቹ ሳይደርሱ ድልድዩ ተዘጋ።

ድልድዩ ግን አልወደቀም። በሦስተኛው ቀንም እንደ ቆመ ነው። በሩቁ መንገድ መዞር ያንገሸገሻቸው ነጋዴዎች ግቢውን በጩኸት ሞሉት። «ማነው የዘጋው? ይውጣ!»

አስተዳዳሪው ከመጋረጃው ኋላ ሆነው ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። «አንቺ ነሽ ያስፈረምሽኝ!»

ቀና ብላም አላየቻቸውም። «ፊርማው የማን ነው?»

ወዲያ ወዲህ ተንቆራጠጡ። ከዚያ ኮታቸውን ቆለፉና ወጡ።

«የዘጋሁት እኔ ነኝ» ሲሉ ሰማች። «ተጠግኖ ሳያልቅ አልከፍተውም። ስደቡኝ።»

ሰደቧቸው፤ ያውም አሳምረው። እሳቸው ግን ከደረጃው ንቅንቅ አላሉም።

«ስድስት ዓመት!» አለች ጸሐፊዋ ብቻዋን፣ ጣራ ጣራውን እያየች። «ተመስገን ጌታዬ። ግን ስድስት ዓመት!»