የጎደለው ገንዳ

በደርግ ዘመን በጉና ተራራ ግርጌ በግ ያረባ ሰው ሁሉ ካሳውን ያውቀዋል። የእብናት ልጅ ነው፤ በመንግሥት ደመወዝ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኖ ቢመጣም አገሬው «ሐኪሙ» ነበር የሚለው። ሲበዛ ይሉኝተኛ ነበር። ሰው ቤት ገብቶ ብላ ካሉት፣ ጠግቦም ቢሆን እምቢ ማለት አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒት አዳይ መሆን አልነበረበትም እላለሁ፤ ግን ማን ጠየቀኝ?

በሥራው አይታማም። የበግ እከክ መድኃኒት ሲመጣ ወፍራም ነው፤ አንዱ ሊትር በአራት መቶ ሊትር ውሃ ይበረዛል። በጎቹ የሚነከሩበት ገንዳ ስምንት መቶ ስለሚይዝ ሁለት ሊትር ይገባበታል። በጎቹ በጠጉራቸው ይዘውት ሲወጡ ገንዳው ይጎድላል።

«የጎደለውን በውሃ ብቻ እንዳትሞሉት» ይላቸው ነበር የገበሬ ማኅበሩን ሰዎች። «ግማሹ ከጎደለ አንድ ሊትር መድኃኒት አብሮ ይገባል። አለዚያ የቀረው መድኃኒት በእጥፍ ውሃ ይበተንና ጉልበቱ በግማሽ ይወርዳል። እንዲያ የቀጠነ መድኃኒት እከኩን አይገድለውም።»

የእከክ ዘመቻው የመጨረሻ ቀን ማርያም ዋለች። ሰው ቀደም ብሎ በጉን አስነክሮ ስለነበር በዓሉን በቤቱ አከበረ። ገንዳው በግማሽ ጎድሎ፣ መድኃኒቱ አልቆ ካሳው በቅሎውን ሲጭን እሜቴ የሺ ከተራራው ማዶ በጎቻቸውን እየነዱ ደረሱ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የበጎቻቸውን ጠጉር እየፈተሉ ለበርኖስ ሠሪ በመሸጥ ነው የሚኖሩት።

«ደረስኩ ልጄ? በማርያም፣ ደረስኩ በለኝ!»

አልደረሱም ማለት ነበረበት። ከደብረ ታቦር መድኃኒት እስካመጣ ይመለሱ ማለት ነበረበት። አፉ አልታዘዝ አለው። በእኛ አገር ድግስ ላይ ጠላው ካለቀ በድፍድፉ ላይ ውሃ ተጨምሮ ቅራሪ ይቀዳል እንጂ እንግዳ ሳይጠጣ አይመለስም። ካሳውም እንደ ደጋሽ አሰበና ገንዳውን በውሃ ሞላው። በጎቹ ዋኝተው ወጡ። እሜቴ የሺ እጁን ይዘው ሲመርቁት ቀና ብሎ አላያቸውም።

ክረምቱ ሳይገባ የሌላው ሰው በግ ሲድን የእሳቸው ጠጉሩ ይረግፍ፣ አንድ በአንድ ይሞት ጀመር። ካሳው ወሬውን ሰምቶ መንገዱን ለወጠ። በዚያ ወገን ሥራ ሲኖር «በቅሎዬ አነከሰች» ይላል። በቅሎዋ ደህና ነበረች፤ እኔ አይቻታለሁ። እሱ ነው ያፈረው።

አንድ ጠዋት ግን ደብረ ታቦር መውጫ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። እሜቴ የሺ በሶ ቋጥረው ዘንግ ይዘዋል።

«ወዴት ነው እሜቴ?»

«ጣራ ገዳም። ነፍስ አባቴ ሱባኤ ግቢ ብለውኛል። የማርያምን ጽዋ እየጠጣሁ በቀኗ በግ ልንዳ? ተቀይማኝ ነው የጨረሰቻቸው።»

ካሳው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ለእሱ ጥፋት ያን ሁሉ አገር በእግራቸው ሊሄዱ ነው! አሁንም ዝም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ማንም አያውቅበትም።

«ማርያም አልተቀየመችዎትም» አለ መሬት መሬት እያየ። «ጥፋቱ የኔ ነው። መድኃኒቱ አልቆብኝ ነበር። ገንዳውን በውሃ ብቻ ሞልቼ ነው ያስነከርኩልዎት። ከሩቅ መጥተው ባዶዎን ልመልስዎት... አፍሬ ነው።»

እሜቴ የሺ ቋጠሯቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። አልጮሁም፣ አልተራገሙም። ቢራገሙ ይቀለው ነበር።

«ተመለሺ ብትለኝ እኮ፣ ልጄ፣ እመለስ ነበር» አሉት።