ዋናው ሐሳብ መጀመሪያ

ዓቢዳ ወልድያ ኮሌጅ ስትገባ እንግሊዝኛዋ ክፉ አልነበረም፤ ያስቸገራት አንቀጽ ማደራጀት ነው። ስላደገችበት ስለ ግራና ገበያ ጻፊ ስትባል ከመንገዱ፣ ከዝናቡ፣ ከጎረቤቱ ጀምራ ገበያው ብቅ የሚለው ማለቂያው ላይ ነው። መምህር መላኩ ወረቀቷን በቀይ እስክሪብቶ አዥጎርጉረው፣ «ዋናው ሐሳብ መጀመሪያ ይምጣ፤ አንባቢን ደጅ አታስጠኚ» አሏት።

ምን ታድርግ፣ ያደገችው እንዲያ ነው። ግራና ባለችበት በሀብሩ ወረዳ፣ ሰው ቤት ገብቶ ጉዳዩን ቀድሞ የሚዘረግፍ ባለጌ ነው። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ተጠያይቆ፣ ጉዳይ የሚወጣው ለመሄድ ሲነሱ ነው። አባቷ አብዱልሐሊም ደግሞ በዚህ የሚያክላቸው የለም፤ በስልክ እንኳ የጎረቤት ፍየል ሳትቀር ደኅንነቷ ይነገራል።

ዓቢዳ ግን የመምህሩን መንገድ ለመደችው። መምህር መላኩ አንድ ቀን አንቀጿን ለክፍሉ አነበቡላት፤ በደስታ የምትሆነውን አጣች።

በፈተናው ሳምንት አባቷ ደወሉ። «አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ። ጤናሽ ደኅና ነው? ወልድያ ዘነበ? እኛ ዘንድ ማንጎው አብቧል፤ የነዓሪፍ ላም ወልዳለች...»

ጥናት ወጥሮ ይዟታል። እየሳቀች፣ «አባ፣ ዋናውን መጀመሪያ ይንገሩኝ እንጂ። እኛ እንደዚያ ነው የምንማረው» አለች።

አባቷም፣ «ዋና ነገርማ የለም የኔ ልጅ። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው። በርቺ፣ አላህ ይርዳሽ» ብለው ዘጉት።

ፈተናው ባለቀ ማግስት አጎቷ ጀብሪል ሊወስዷት መጡ። ፈተናውን ጠየቁ፣ ዝናቡን ጠየቁ፣ ኑሮውን ጠየቁ። ሰላምታው ሲበዛባት አቋረጠቻቸው።

«አጎቴ፣ አባስ?»

«መኪና እንዳያመልጠን፣ ነይ እንሂድ» አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ። እስከ መርሳ ድረስ ያወሩት ስለ ማሽላ ነው።

ግራና ሲደርሱ ደጃቸው ለቀስተኛ ሞልቶታል። አባቷ ከተቀበሩ ሰንብተዋል።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» ብላ እናቷ ላይ ወደቀች።

«ራሱ ነው የከለከለን» አለች እናቷ ዘሀራ፣ የልጇን ራስ እየዳበሰች። «ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ አውፍ ተባብለን፣ ይቅር ተባብለን ልሰናበታት ብሎ ደወለልሽ። ስልኩን ሲዘጋ፣ ጥናት ላይ ናት፣ ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት አለን።»

ዓቢዳ እንባዋ እንኳ እንቢ አላት። አባቷ እንደ ወጋቸው ዋናውን ለመጨረሻ አስቀምጠውት ኖሯል፤ እሷ እስኪደርሱበት አልጠበቀቻቸውም።