ሽፋኑ ላይ የወጡት እንስራዎች

አሁን በምሠራበት ማተሚያ ቤት አዲስ የብሮሸር ሥራ ሲመጣ፣ ኮምፒውተሩን ከመክፈቴ በፊት አንድ ነጭ ወረቀት አንስቼ ለሦስት አጥፈዋለሁ። ያጠፍኩትን ለባለጉዳዩ እሰጥና «እስኪ ይያዙት፣ ኪስዎ ያስገቡት፣ ውጭ ወጣ ብለው ይመለሱ» እላለሁ። አርባ ምንጭ ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። «ጎንደሬዋ ደግሞ ባዶ ወረቀት ልታስነብብ ነው» ይሉ ነበር። ዛሬ እነሱም ያጥፋሉ። ከማን እንደተማርኩት ሲጠይቁኝ ቶሎ እመልሳለሁ፤ ለምን አንድም ቀን እንደማልዘለው ሲጠይቁኝ ግን ነገሩ ስለሚረዝም ሥራ እስኪቀዘቅዝ አቆያቸዋለሁ።

የተወለድኩት አዲ አርቃይ ነው። እናቴ መንገድ ዳር ለሾፌሮች ምሳ እየሸጠች አሳደገችኝ። ለትምህርት ጎንደር ገብቼ፣ ቁስቋም ግድም አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ኮሌጁን ስጨርስ ፒያሳ አንድ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ከጥንት ጀምሮ ጎንደር ከነገዱ እስላም ቤተሰቦች የተወለዱ ሽማግሌ ነበሩ። ከተማው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። የሰርግ መጥሪያም፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍም፣ የመስጊድም የቤተ ክርስቲያንም ደረሰኝ በሳቸው እጅ ያልፋል። ዓይናቸው ደክሞ ስክሪን ማየት ቢያቅታቸውም ወረቀት በጣታቸው ዳስሰው ክብደቱን ይናገሩ ነበር።

መጀመሪያ ሥራዬ መተየብ ብቻ ነበር። ገጽ ማቀናበሪያውን ፕሮግራም ሰው አላስተማረኝም፤ ምሳ ሰዓት ደንበኛ ሲጠፋ እየነካካሁ ለመድኩት። ሥዕሉን የት እንደማሳርፍ፣ ጽሑፉ በሥዕሉ ዙሪያ እንዴት እንደሚፈስ፣ የእኛ ፊደል ራስና እግር ስላለው በመስመርና በመስመር መካከል ሰፋ ያለ ቦታ ካልተተወለት እንደሚጨናነቅ፣ ይህን ሁሉ በዓይኔ አጠናሁት። ሐጂ የጨመሩልኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ባለ ሦስት እጥፍ ብሮሸር ላይ ወደ ውስጥ የምትገባዋ ገጽ ከሌሎቹ በሁለት ሚሊ ሜትር ካላነሰች ወረቀቱ ሆዱ ይነፋል። ሁለተኛው ያ ነጭ ወረቀት ነው። ደንበኛው ባዶውን ይዞ ፒያሳን ዞሮ እስኪመለስ ድረስ ሐጂ ሥራ አይጀምሩም ነበር። «ወረቀት ከዚህ ቤት ሲወጣ የት እንደሚደርስ ባለቤቱ ይወቀው» ይላሉ።

በልደት ማግስት ሁለት ሰዎች ከአገሬ መጡ። አንደኛው ከአዲ አርቃይ በላይ፣ ገደሉ አናት ላይ ያለች አንዲት የገጠር ደብር ቄሰ ገበዝ ናቸው፤ ሌላው የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ፣ ገበሬ ናቸው፤ ቄሰ ገበዙ «አያ» ይሏቸዋል። ነገራቸው አጭር ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ በስብሷል። ውሃው ግድግዳው ላይ ወዳለው የእመቤታችን ሥዕል መውረድ ጀምሯል፤ ባለፈው ክረምት ትከሻዋ ድረስ ደርሷል። የሚመጣው ክረምት ፊቷን ያጥበዋል። በጥምቀት ጎንደር ላይ ከየአገሩ ለሚመጣው ሕዝብ ወረቀት እንዲያድሉ ተፈቅዶላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ጉባኤ እስከ ዓመት አይገኝም። ስለዚህ ለከተራ የሚደርስ፣ ያየው ሰው የሚያነሳው፣ ያነሳው የሚያነበው ወረቀት ይፈልጋሉ።

ሐጂ ወደኔ ዞሩና «የአገርሽ ሰዎች ናቸው፣ አንቺ ሥሪው» አሉኝ። ብቻዬን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ብሮሸር ነበር። አማትቤ ጀመርኩ።

ጸሐፊው በስልካቸው ካነሱት ፎቶ ውስጥ የእመቤታችንን ሥዕል መረጥኩ። ሽፋኑን ሙሉ እንድትይዝ አድርጌ፣ ዙሪያዋን ከብራና መጻሕፍት ላይ እንዳለው ሐረግ ያለ ጌጥ ሠርቼ፣ በወርቃማ ቀለም ርዕስ ጻፍኩ። ውስጡ ላይ የደብሩን ታሪክ በሁለት አምድ አሰፈርኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ውብ ነበር። ዛሬም ባየው አላፍርበትም። በዚህ ኩራቴ ነጩን ወረቀት ዘለልኩት። አጥፌ መስጠት ቀርቶ ሁለቱን ሽማግሌዎች ስክሪኑ ፊት አስቀምጬ አሳየኋቸው። ቄሰ ገበዙ በወንበሩ ጠርዝ ላይ ሆነው ረጅም ጊዜ አዩና «ሸጋ ነው ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። እኔም መብራት ሳይሄድ ልቅደም ብዬ የሽፋኑን ገጽ በሙሉ አተምኩት። ከተራ ሊገባ አራት ቀን ነበር የቀረው።

በማግስቱ ጧት ሲመጡ ክምሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር። የመጀመሪያውን አጥፌ ሰጠኋቸው፤ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ተሳለሙት። ደስ አለኝ። በዚያው ቅጽበት አንድ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ሰው በሩን ወለል አድርጎ ሲከፍተው ነፋስ ገባና ከክምሩ ላይ ያሉትን ወረቀቶች መሬት ላይ በተናቸው። ሰውየው አላየም። ወደኔ ሲመጣ አንዷን ረገጣት።

ቄሰ ገበዙ ጎንበስ ብለው አነሷት። የጫማው አሻራ ሥዕሉ ላይ ቀርቷል። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ አልለቀቀም፤ ደግመው ጠረጉ። ሰውየው ደንግጦ «ይቅር በሉኝ አባቴ፣ አላየሁም» እያለ እጃቸውን ሊስም ይታገላል። እሳቸው እሱን «ይፍታህ» ብለው አሰናበቱትና ወደኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበራቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ በጥምቀት ዕለት እዚያ ሜዳ ላይ ስንት እግር ነው ያለው?» አሉኝ።

ስንት በዓል ነጭ ለብሼ በዚያ ሜዳ ቆሜ፣ ስንት ማስታወቂያ ከእግሬ ሥር ሲጨማለቅ አይቼ! ስክሪን ላይ ግን እግር የለም።

ሐጂ ከጥግ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ነጩን አጥፌ ሰጥቻቸው እንደሆነ። አለመስጠቴን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለቄሰ ገበዙ ግን በእኛም ዘንድ የአላህ ስም ያለበት ወረቀት መሬት ላይ አይተውም፣ ነገሩ ይገባኛል አሏቸው። ሌላም ችግር ነበረብን። የተበላሸ ወረቀት ልማዱ ለበርበሬና ለሽሮ መጠቅለያ ለሱቆች መሰጠት ነው። ይህንን ማን ይሰጣል? መጣል አይቻል፣ መቅደድ አይቻል። ክምሩ ጠረጴዛው ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ሁላችንን ያየናል።

ጸሐፊውን ስልካቸውን ለመንኳቸውና ፎቶዎቹን እንደገና ማየት ጀመርኩ። ጣራው ከውጭ፣ ጣራው ከሩቅ፣ ዛፍ፣ ደግሞ ጣራው። ማንም ለማንሳት ጎንበስ የማይልለት ፎቶ ሁሉ። አንዷ ላይ ስደርስ ጸሐፊው በአውራ ጣታቸው ፈጥነው አሳለፏት። መለስኳት።

የቅኔ ማኅሌቱ ወለል ነው። በረድፍ እንስራ፣ ማድጋ፣ የሸክላ ድስት፣ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን፣ አንድ የተላላጠ ሳህን። እያንዳንዱ በየጠብታው ሥር ተቀምጧል። ከላይ ዝናቡ እንደ ክር ይወርዳል። ጸሐፊው እያፈሩ አስረዱኝ፤ ደመና ሲጠቁር የመንደሩ ሴቶች ከየቤታቸው ዕቃ ተሸክመው ይወጣሉ፣ እያንዳንዷ የራሷን ጠብታ ታውቃለች፣ ሞልቶ ሲፈስ ታፈሳለች፣ ቅዳሴው አይታጎልም። እንግዳ ሲመጣ ግን ዕቃው ተሰብስቦ ከቤተልሔሙ ጀርባ ይደበቃል።

ይህችን ሽፋን ላድርጋት አልኩ።

«ተይ ልጄ» አሉ ቄሰ ገበዙ። «ይኼማ ጉዳችን ነው። ምነው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት?»

«አባቴ፣ እኔም የአዲ አርቃይ ልጅ ነኝ። የእመቤታችን ሥዕል እንዳይረገጥ ተጨነቅን። ይህንንም ቢሆን የሚረግጠው የለም፤ ሰው የእናቱን እንስራ አይረግጥም።»

ጸሐፊው መሬት መሬት ያያሉ። ቄሰ ገበዙ መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ደብሩ ከሚፈርስ እኔ ባፍር ይሻላል። አድርጊው» አሉ።

በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ያደረግኩት ነጩን ወረቀት ማጠፍ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ባዶ ወረቀት ይዘው ፒያሳን ዞሩ። ሲመለሱ ጸሐፊው የነገሩኝ ጠቀመኝ፤ እጃቸው ነጠላና ዱላ ስለያዘ ወረቀቱን በአንድ እጅ መግለጥ ቸግሯቸዋል። ስለዚህ ዋናውን ቃል ሽፋኑና ጀርባው ላይ አወጣሁት፣ ገልጦ ማየት የማይችልም እንዲያነበው። ፎቶዋ ጨለማ ነበረች፤ ብርሃን ጨመርኩላት፣ የዝናቡ ክር እንዳይጠፋ ግን ተጠነቀቅኩ። የወርቁን ጌጥ ሁሉ አወጣሁ። ከፎቶዋ ሥር አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ፦ «ክረምት ሳይገባ ድረሱልን»። ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ቁስቋም በር ላይ ቆሜ፣ እመቤቴ ሆይ ሥዕልሽን ከሽፋኑ ያወጣሁት ላድንሽ ነው አልኳት። እኔ እሷን ላድን! አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ከልቤ ነበር።

ብሮሸሩ ለከተራ ዋዜማ ደረሰ። የፊተኛውን ክምር ቄሰ ገበዙ በነጠላ ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቅፈው ወሰዱት። በኋላ እንደሰማሁት የአውቶቡሱ ረዳት ጣራ ላይ ልጫነው ቢላቸው እምቢ ብለው የሊማሊሞን ቁልቁለት በሙሉ ጭናቸው ላይ አድርገውት ወርደዋል።

የጥምቀት ዕለት ያደረግኩትን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ታቦታቱ እልል እየተባለ ሲያልፉ እኔ መሬት መሬት ሳይ ዋልኩ። የወደቀ ሦስት አገኘሁ። አንዷን ልጅ ዳቦ በልቶባታል። ሌላው ሁሉ በሰው እጅና በሰው ኪስ ነበር። አንዲት ሴት ለፀሐይ ግንባሯ ላይ አድርጋው ቆይታ፣ ዝቅ አድርጋ አየችውና፣ ነጠላዋን ገልጣ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ያን ሳይ በደረቴ ውስጥ የተሰማኝን ትዕቢት ነው ብዬ ለነፍስ አባቴ ተናግሬአለሁ። እሳቸው ሳቁና ለሥራሽ አመስግኚ እንጂ አትናዘዢበት አሉኝ።

በሐምሌ ፈቃድ ወስጄ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ከእናቴ ጋር ዳገቱን ወጥተን ደብሯ ደረስን። ብሮሸሩ ጀርባ ወዳለው ስልክ ከደወሉት ሰዎች በተገኘው ገንዘብ ቆርቆሮው በግንቦት ተመትቷል፤ ምስማሩን የሐጂ ዘመድ የሆነ ነጋዴ ሰጥቷል። ቅዳሴ መሐል ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጩኸቱ የቄሱን ድምፅ ዋጠው፤ ማንም አልተከፋም። ወለሉ ደረቅ ነው። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ውሃው ትከሻዋ ላይ ያሰመረው መስመር አለ። ከመስመሩ በላይ ፊቷ እንዳለ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ በየቤቱ አስገቡን። ቄሰ ገበዙ ያቀፉት ክምር የት እንደገባ ያኔ ገባኝ፤ ያላሠራጨሁት የመጀመሪያው ሽፋኔ በየጎጆው ግድግዳ ላይ፣ ከሰው ራስ በላይ፣ ተለጥፎ አለ። ያን መንደር የሚያህል ማሳያ ያለው ሠሪ ጎንደር ውስጥ አላውቅም።

በመጨረሻ የገባንበት ቤት ባለቤት አንዲት አሮጊት ናቸው። እሳቸው ሁለቱንም ለጥፈዋል፤ እመቤታችንን ከላይ፣ የእንስራዎቹን ብሮሸር ዝቅ አድርገው ከእንስራቸው በላይ። ወረቀቱን የሠራሁት እኔ መሆኔን እናቴ ስትነግራቸው፣ ይመርቁኛል ብዬ ጎንበስ አልኩ።

«አንቺ ነሽ?» አሉኝ። ጣታቸውን የሽፋኑ ጠርዝ ላይ አሳረፉ። «ይቺ የኔ ናት። የጎረቤቴን ሙሉዋን አውጥተሽ የኔን ምነው ግማሿን ቆረጥሽብኝ?»

እውነት ነው፤ ጠርዙ ላይ አንዲት እንስራ እጀታዋ ተቆርጧል። ወረቀቱ ሲቆረጥ ጠርዙ ትንሽ እንደሚበላ ላስረዳቸው ጀመርኩ። አላዳመጡኝም። ከዚያችው እንስራ ውሃ በጣሳ ቀድተው እየሰጡኝ፣ «በይ ጠጪ፣ እጀታዋን ደህና አድርገሽ እያት» አሉ። «ደግመሽ ስትሠሪ ሙሉዋን ነው የምታወጪው።»