በስልክ የተነበበው የጌጫ ቡና

ከሚዛን እስከ ማሻ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል የሚጠራው እኔ ነበርሁ። ኮሌጅ አልገባሁም። የማውቀውን ሁሉ ራሴን አስተምሬ ነው ያወቅሁት፤ ያወቅሁትም ብዙ ነው።

በቡና ማኅበራችን ሥራ የጀመርሁ ዕለት ሥራ አስኪያጁ አቶ ወርቁ ከዶስ ማሽን ፊት አስቀመጡኝ። ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

"ትእዛዝ ስጠኝ ነው የሚለው።"

"እንግዲያው እዘዘው። ሰው እንኳ የሚታዘዝልህ አይመስለኝም።"

በኋላ ዊንዶውስ መጣ፤ ቀጥሎ ሊኑክስ። ዶስና ዊንዶውስ ላይ ፋይል የሚነበበው "ታይፕ" በሚል ትእዛዝ ነው፤ ሊኑክስ ላይ "ካት" በሚል። ለመቅዳት እዚያ ኮፒ፣ እዚህ ሲፒ ይባላል። ይህ ይለመዳል። ዋናው ልዩነት ጠባያቸው ነው፦ ኮፒ በነባር ፋይል ላይ ሊጽፍ ሲል ይጠይቃል፤ ሲፒ ዝም ብሎ ይጽፋል።

የቡና መረከቢያ ጣቢያዎቻችን የጭነት ዝርዝራቸውን በዲስኬት፣ ሁሉም "ቡና" በሚል አንድ ስም ነበር የሚልኩት። ማሽኑ "ልተካው?" ሲል ጸሐፊያችን አልማዝ እምቢ ትልና ስሙን ትለውጣለች። ሊኑክስ በገባ ሰሞን የጌጫ ጣቢያን ዝርዝር ቀዳች፤ እንደ ልማዳችን ዲስኬቱን ለመመለስ ባዶ አደረገች፤ የቴፒውን ቀዳች። ጥያቄውን ጠበቀች፤ አልመጣም። የጌጫው ዝርዝር ጠፋ።

መኪናው ተጭኖ ቆሟል። ዝርዝሩ ከሌለ የጌጫ ቡና ከሌላው ተደባልቆ፣ ስሙን አጥቶ ይሸጣል። ገበሬዎቹ ደግሞ ቀይ ቀዩን ለቅመው ነው ያመጡት።

"ጋሽ ተፈራ፣ ደመናው ወረደ። ጭቃ ላይ ልታሳድሩኝ ነው?" አለኝ ሾፌሩ።

የጌጫው ማሽን ገና ዶስ ነበር፤ ዋናው ፋይል እዚያ አለ። ደወልሁ። የጣቢያው ጸሐፊ ሙሉጌታ አነሳ፤ ፋይሉን ከፍቶ እንዲያነብልን ነገርሁት።

"በአዲሱ ማሽን ካት ነው አሉ፤ ካት ልበለው?"

"እሱ የእኛው የሊኑክስ ነው። አንተ ታይፕ በል።"

"ጋሼ፣ ጽሑፉ ሮጦ አለፈኝ።"

"ከኋላው ቀጥ ያለች መስመር አድርግና ሞር ብለህ ጻፍ። ገጽ በገጽ ይቆማል።"

"ቆመ። ይህን ከየት ነው የሚያመጡት?"

"ከራሴ።"

እሱ አነበበ፣ አልማዝ ጻፈች፣ መልሳም አነበበችለት። በመዳፊት የሚሠራ ቢሆን "ያቺን ሥዕል ንካ"፣ "የትኛዋን?" ስንባባል በመሸ ነበር።

መኪናው ከዝናቡ ቀድሞ ወጣ። አቶ ወርቁ በር ላይ ቆመው፣ "ለካ ሰውም ይታዘዝልሃል" አሉኝ።

የጌጫን ቡና በስሙ ልኬአለሁ። ሲፒ ሳይጠይቅ እንዳይተካ በሊኑክሶቻችን ሁሉ ላይ አስሬዋለሁ። ለየጣቢያው ፋይል የየራሱን ስም አውጥቻለሁ። አልማዝን ሦስቱንም አስተምሬአታለሁ፤ ዛሬ ከእኔ ቀጥላ እሷ ናት። በአዲስ ማሽን ፊት ስትቀመጡ አስቀድማችሁ ሳይጠይቅ የሚያደርገውን እወቁ።