የእትዬ ቤት የታለ?

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ፍልፈል ነው የሚሉት። የሕንፃ ንድፍ አውጪ ነው፤ የሚነድፈው ቤት ሁሉ ግን ወይ ጀርባውን ኮረብታ ውስጥ ይቀብራል፣ ወይ ዛፍ እንዳይቆረጥ ብሎ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ባልደረቦቹ ፎቅ በፎቅ ላይ ሲደራርቡ እሱ ወደ ታች ይቆፍራል። ቦታ ሲሰጠው እርሳስ ከማንሳቱ በፊት እዚያው ሄዶ ይውላል፤ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ የዝናቡ ውሃ በየት እንደሚወርድ፣ የጠዋት ፀሐይ የቱን ድንጋይ ቀድማ እንደምትነካ ያያል። «መሬቱ ቀድሞን ነው የመጣው፤ እንግዶቹ እኛ ነን» ይላል። ሚስቱ ደግሞ «እንግዳ ከሆንክ ጫማህን በር ላይ አውልቅ» ትለዋለች፤ ጭቃ ይዞባት የማይገባበት ቀን የለማ።

እንግዲህ አክስቱ ቤት ሥራልኝ ያሉት ይህን ሰው ነው። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። በሥራ ዘመናቸው የጫማቸው ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ ያ ሁሉ ተማሪ ምላሱን ይውጥ ነበር። ከከተማው ዳር ተዳፋት ላይ ቦታ ነበራቸውና ጠርተው፣ «የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ዞር ብሎ የሚያየው ቤት ሥራልኝ» አሉት። እሱ «ሥራልኝ» የምትለዋን ሰማ፤ የቀረውን ጆሮ ዳባ ልበስ አለው።

ቤቱ አለቀ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ጀርባው ተዳፋቱ ውስጥ ገብቷል፤ ግድግዳው እዚያው ሲቆፈር ከወጣው ድንጋይ ነው፤ ፊት ለፊቱ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ሆኖ ሸለቆውን ያያል። ጣሪያው አፈር ለብሶ ሣር በቅሎበታል። አንድም ዛፍ አልተነካም። ችግሩ፣ ከላይ ካለው መንገድ ሲታይ ቤት የሚባል ነገር የለም።

የቤት ዕቃ የጫነው ሹፌር መኪናውን አቁሞ ወደ ሣሩ መሀል ገባና ደወለ።

«እማማ፣ ቤቱ የታለ?»

«ቆመህበታል፣ ልጄ» አሉት አክስቱ ከበታቹ።

ቀጥሎ የድሮ ባልደረቦቻቸው እንኳን ደስ አለዎት ሊሉ መጡ። ሜዳው ላይ ሲንከራተቱ ቆይተው የሒሳብ መምህሩ ደከማቸውና፣ ጉቶ መስሏቸው ጭስ ማውጫው ላይ ዐረፍ አሉ። ታች አክስቱ ምድጃ ለኩሰው እንግዳ ሲጠብቁ ጭሱ ተመልሶ ሳሎኑን ሞላው።

ከሁሉ የባሰችው ግን የጎረቤት ላም ናት። አንድ ጠዋት አክስቱ መስታወቱ አጠገብ ሻይ ሲጠጡ ከላይ የላም ፊት ቁልቁል አያቸው። ስልኩን አንስተው ለፍልፈል ደወሉ።

«ጣሪያዬ ላይ ላም አለች።»

«ሣሩን ታጭድልዎታለች፣ እትዬ» አለ፣ ነገሩን ወደ ቀልድ ሊወስደው።

«እየሳቅክ ነው?»

«ኧረ በፍጹም።»

«‹በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ› እያልኩ ስንቱን መክሬያለሁ፤ ገደሉ የኔ ሳሎን ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም። ስማኝ። ሰው የሚቀበረው ሲሞት ነው። አንተ ሳልሞት ቀበርከኝ።»

ይቺ ቃል አንጀቱን ቆረጠችው። ቀኑን ሙሉ እርሳስ አልያዘም። ቅዳሜ ሊያባብላቸው ሲሄድ መንገዱ ዳር አንድ ነገር ተገትሮ አየ። ቀይ የብረት በር ነው፤ ባለ ሁለት ተካፋች፣ የጭነት መኪና የሚያስገባ፣ ጫፉ ላይ ጭራዋን የዘረጋች የብረት ጣዎስ የተበየደችበት። ግራ ቀኙ አጥር የለውም። ከኋላውም ሣር ብቻ ነው። አክስቱ ሥሩ ቆመው ይጠብቁታል።

«አጥሩስ?» አለ ፍልፈል።

«አጥር ማን አለ? በር ነው ያዘዝኩት።»

«እትዬ፣ ቢያንስ አረንጓዴ እንቀባው። ከሣሩ ጋር እንዲ…»

«ከሣሩ ጋር የሚመሳሰለውን አንተ ሠርተሃል። ይሄ የኔ ነው።»

የሚገርመው፣ ሰው በበሩ መግባቱ ነው። በግራም በቀኝም ሜዳው ክፍት ሆኖ ሳለ፣ እንግዳው ሁሉ መጥሪያውን ተጭኖ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ ይጠብቃል። አክስቱም ዳገቱን ወጥተው በክብር ይከፍታሉ። ዞራ የምትገባው ላሟ ብቻ ናት።

በኋላ የንድፍ አውጪዎች ማኅበር አባላት ቤቱን ሊጎበኙ መጡ። ፍልፈል በዋዜማው በሩ ላይ ሐረግ ሊጠመጥም ሞክሮ የአክስቱ ዓይን ብቻ መልሶት ነበር። ጎብኚዎቹ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ውሃ መውረጃው ሲያስረዳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ፤ ፎቶ የተነሡት ግን ሁሉም ቀዩ በር ሥር ነው። የማኅበሩ ሰብሳቢ የፍልፈልን ትከሻ መታ መታ አድርገው፣ «ይሄ በር ድፍረት ይጠይቃል። በርታ» አሉት። ለበሩ ጀርባውን ሰጥቶ «አመሰግናለሁ» አለ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ በረታ። ታች ያሉት ግቢዎች ጭቃ ሲሞላቸው የአክስቱ ሳሎን ደረቅና ሞቅ ያለ ነበር። ስልኩ ጠርቶ ስማቸውን ሲያይ ፍልፈል «አሁን ደግሞ ምን መጣ?» ብሎ አነሳው።

«አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማንም እንዳታወራ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እሺ፣ እትዬ።»

«ቤቱ ተመችቶኛል።»

ዘጉት። ፍልፈል መጀመሪያ ለሚስቱ ነገራት፤ ቀጥሎ ለመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ፤ ከዚያ አሳንሰር ውስጥ ላገኛት ለማያውቃት ሴትዮ።