በአንሶላ ላይ የጨፈሩ ጥላዎች

በቀደም ጓደኛዬን ልጠይቅ ቦሌ አራብሳ ሄጄ ደረጃውን ስወጣ፣ ኮሪደሩ ላይ የተሰጣ እርጥብ አንሶላ ፊቴን ዳሰሰኝ። የሳሙናው ሽታ፣ በጨርቁ ውስጥ አልፎ የሚመጣው የከሰዓት ብርሃን... እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሰይድ ትዝ አለኝ።

ሰይድ ልጅ ሳለሁ ሃያ ሁለት ሰፈር እኛ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የወሎ ልጅ ነበር። ሥራው ሠርግ መቅረጽ ነው። ትከሻው ላይ የሚሸከማትን ትልቅ የቪዲዮ ካሜራ እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ጠቅልሎ ነበር የሚያስቀምጣት። የዚያን ጊዜ ክሊፕ ማለት ዘፋኙ ሆቴል ግቢ ውስጥ አበባ ተደግፎ አፉን ሲያንቀሳቅስ ማለት ነበር። ሰይድን ይሄ ያንገበግበው ነበር።

"ዓይንሽን ጨፍነሽ ዘፈን ስትሰሚ የሚታይሽ ነገር አለ አይደል?" ይለኝ ነበር። "እሱን ነበር መቅረጽ!"

አንድ ጀማሪ ዘፋኝ ክሊፕ እንዲሠራለት ሲጠይቀው፣ ሰይድ ከየቤቱ ነጭ አንሶላ ለምኖ ከግቢያችን ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ገመድ ወጥሮ ሰቀለው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሰፈሩን ሰው ከአንሶላው ወዲያ አቆመና ቴፑን ከፈተ። ከወዲህ የሚታየው ጥላ ብቻ ነበር። ነፋሱ ጨርቁን ባወዛወዘው ቁጥር ጨፋሪዎቹ ይረዝማሉ፣ ይታጠፋሉ፣ እርስ በርስ ይዋሃዳሉ።

እናቴ ዳር ቆማ ታያለች። አባቴ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ሰይድ ወደ እሷ ሄደ።

"እትዬ ዘነቡ፣ እርስዎም ይግቡ።"

"አንተ ልጅ አብደሃል? ሐዘን ላይ ሆኜ ልጨፍር? ሰው ምን ይለኛል?"

"ፊትዎ እኮ አይታይም። ጥላ ደግሞ የማንም ቢሆን ጥቁር ነው።"

እናቴ አንሶላውን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ወደ ጀርባው አለፈች።

ዘፋኙ ክሊፑን ሲያይ "እኔስ የታለሁ?" ብሎ ተቆጣ፤ ሌላ ቪዲዮ ቀራጺ ፈልጎም አበባ ሥር ቆመ። የሰይድ ክሊፕ በቴሌቪዥን ሳይታይ ቀረ። እሱ ግን የራሱን ቴሌቪዥን በረንዳ ላይ አውጥቶ ለሰፈሩ አሳየው።

"ይቺ ትከሻዋ ልብ የሚያጠፋው ደግሞ ማናት?" አለች አንዲት ጎረቤታችን።

እኔ አንገቷን ዘንበል ስታደርግ ለይቻታለሁ። ዞር ብዬ ሳያት እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። ሰይድም እኔም ለማንም አልተናገርንም።

ብዙም ሳይቆይ የሰይድ አባት ታመሙና ደሴ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ክሊፑ ያለበት ካሴትም አብሮት ሄደ። ዛሬ ስልኬ ላይ በዓለም የተደነቁ ክሊፖችን አያለሁ፤ ውሃ ውስጥ የሚጨፍሩ፣ ግድግዳ ላይ የሚራመዱ። ያንን አንሶላ ግን አንዴ፣ አንዴ ብቻ ደግሜ ባየው።

ሰይድ በሄደ ሰሞን እናቴ፣ ከአባቴ ቀብር ቀን ጀምሮ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠውን ሬዲዮ ገልጣ ከፈተችው። ዘፈን ነበር። አልዘጋችውም። ሽንኩርቷን እየከተፈች አብራ ማንጎራጎር ጀመረች፤ እኛም ልጆቿ ቤታችን ውስጥ ድምፃችንን ከፍ አድርገን መሳቅ ጀመርን።